ዓሣ አጥምዶ የማያውቀው የዓሣ ባለሙያ፦ የፊልሙን ስም የሚያውቅ አለ?

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ። ልጅ ሆኜ ከአባዬ ጋር ያየሁት የድሮ አሜሪካ ኮሜዲ ነው። ሰውየው ስለ ዓሣ ማጥመድ መጽሐፍ ጽፏል፤ ግን መንጠቆ ውሃ ውስጥ ጥሎ አያውቅም! ድብ ሞተር ሳይክል ሲነዳ ደግሞ ትዝ ይለኛል። አባዬ እዚያ ላይ እንባው እስኪፈስ ነበር የሳቀው። አሁን ብዙ አይስቅም። ድጋሚ ላሳየው እፈልጋለሁ።

መልስ፦
«ማንስ ፌቨሪት ስፖርት» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ። ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ሆክስ ነው። ዋናው ተዋናይ ሮክ ሃድሰን በፊልሙ ላይ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የማጥመጃ ዕቃ ይሸጣል። ተዋናይቷ ፓውላ ፕሬንቲስ የዓሣ ማጥመድ ውድድር ውስጥ ትከተዋለች፤ ምስጢሩን ስታውቅ ደግሞ አስተማሪው ትሆናለች። ፍቅሩም ከዚያው ይመጣል።

ሌላ መልስ፦
እኔ የምወደው መጨረሻውን ነው። በዕድል አሸንፎ «አይገባኝም» ብሎ እውነቱን ይናገራል። ከወደዳችሁት የሆክስን የ1938ቱን «ብሪንጊንግ አፕ ቤቢ» እዩ። ካሪ ግራንት ከካትሪን ሄፕበርን ኋላ ተለጥፎ የሚራመድበት ቦታ አለ፤ ሆክስ እዚህኛው ፊልም ላይ የሰውየው ክራባት በሴት ቀሚስ ዚፕ ተይዞ ያንኑ ደግሞታል።

ጠያቂው፦
ተባረኩ! ስሙን ስነግረው አባዬ «ያ ረጅሙ ሰውዬ!» አለ። ቅዳሜ እናየዋለን።