የዳቦ ማሽኔ ሐዋሳ ከገባ ወዲህ የዳቦው መሃል እየሰመጠ አስቸገረኝ፣ የምታውቁ እርዱኝ

የሐይቅ ዳሯ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችሁ ዳቦ የምትጋግሩ ሰዎች እስኪ አንድ ነገር ምከሩኝ።

ጀርመን ስኖር ዳቦ የምጋግረው በማሽን ነበር። የጀርመን ዳቦ ጥሩ ነው፣ አላማውም፤ ግን ጥቁር አዝሙድ ጣል የተደረገበት ለስለስ ያለ የኛ ዳቦ ሲያምረኝ የት ሄጄ እገዛለሁ? ያኔ የደረሰልኝ ማሽኑ ነው። ማታ ዱቄቱን፣ ውሃውንና እርሾውን ከትቼ ሰዓቱን እሞላለሁ፣ ጠዋት ስነሳ ትኩስ ዳቦ ይጠብቀኛል። ጠቅልዬ ወደ ሐዋሳ ስመለስ ብዙ ዕቃ ለሰው ሰጥቼ እሱን ግን ይዤው መጣሁ።

እዚህ ነገሩ ሌላ ሆነ። ሊጡ መጀመሪያ ላይ ሲያዩት ያምራል፣ ኩፍ ብሎ እስከ ክዳኑ መስታወት ይደርሳል፤ እሰይ ብዬ ዞር ስል መጋገር ሲጀምር መሃሉ ስምጥ ይላል። ስቆርጠው ከላይ ትልልቅ ቀዳዳ ነው፣ ከታች ደግሞ እርጥብና ድፍን። የማደርገው ያንኑ የድሮውን ነው፦ 500 ግራም ዱቄት፣ 320 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 7 ግራሟን የእርሾ ከረጢት ሙሉዋን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ትንሽ ስኳር። የተቀየረው ዱቄቱ ነው። እዚያ 550 የሚባለውን ነበር የምገዛው፣ እዚህ ሱቅ በኪሎ የሚሸጠውን ፉርኖ ዱቄት። ወፍጮ ቤት ባስፈጨሁት ስንዴ ስሞክረው ደግሞ ጭራሽ አልነሳ አለኝ።

ችግሩ ከዱቄቱ ነው፣ ከእርሾው ነው ወይስ ማሽኑ በመንገድ ተጎድቶ ነው? መብራት መሃል ላይ ሲጠፋስ ምን ታደርጋላችሁ? ልጆቼ ትምህርት ቤት ይዘው የሚሄዱት ይህንን ዳቦ ስለሆነ አሳስቦኛል። "ከዳቦ ቤት ግዢ" እንዳትሉኝ፤ ውስጡ የገባውን አውቄ ማብላቱን ነው የምፈልገው።

ጋጋሪው ከአቶቴ፦

እህቴ፣ ማሽንሽ ምንም አልሆነም። እኔ ዳቦ ቤት ነው የምሠራው፣ ይሄ የነገርሽን ምልክት በደንብ አውቀዋለሁ። ሊጡ ከሚገባው በላይ ኩፍ ብሎ ራሱን መሸከም ሲያቅተው ነው የሚወድቀው።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሊጡን ከላይ የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፣ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ቶሎ ይነፋዋል። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። ማሽኑ ደግሞ የሚሠራው በሰዓት ነው፣ ሊጡ ደረሰ አልደረሰ የሚያይበት ዓይን የለውም። የተሞላለት ደቂቃ እስኪያልቅ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ሊጡ ግን ቀድሞ ጨርሷል። መጋገር ሲጀምር የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ እርሾውን በሩብ ያህል ቀንሺ፣ 7ቱን ግራም 5 አድርጊው፤ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ግድም ይመጣል። ጨውሽ ደግሞ አንሷል። ለ500 ግራም ዱቄት 9 ግራም፣ በማንኪያ አንድ ተኩል ያህል ይፈልጋል። ጨው ለጣዕም ብቻ አይደለም የሚገባው፤ እርሾውን ረጋ ያደርገዋል፣ ሊጡንም ያጠነክረዋል። ውሃውን ከፍሪጅ አውጥተሽ በቀዝቃዛው ጨምሪ። መመሪያው ለብ ያለ ውሃ ቢልሽም እዚህ ሙቀት ላይ አያስፈልግሽም።

የውሃው ልክ ግን ወረቀት ላይ አይገኝም፣ ዱቄቱ ነው የሚወስነው። በ290 ጀምሪ። ማሽኑ ማቡካት ከጀመረ አሥር ደቂቃ አካባቢ ሲሆነው ክዳኑን ክፈቺው። ብዙ ሰው መክፈት ይፈራል፣ በሚያቦካበት ሰዓት መክፈት ምንም አያመጣም፣ እንዲያውም ዋናው ሥራ እሱ ነው። ሊጡ ተሰብስቦ አንድ ድቡልቡል ሆኖ፣ የዕቃውን ግድግዳ ንጹሕ እያደረገ መዞር አለበት። በጣትሽ ነካ አድርጊው። ያዝ አድርጎ ከለቀቀሽና ጣትሽ ላይ ምንም ካልቀረ ልክ ነው። ታች ተለጥፎ እንደ ገንፎ ከተልፈሰፈሰ ዱቄት በሾርባ ማንኪያ እያልሽ ጨምሪ። ማሽኑ እያቃሰተ ሊጡ ከተሰነጣጠቀ ደግሞ ውሃ፣ እሱንም በማንኪያ። አንዴ ከጨመርሽ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገሺው፣ ሳይቀላቀል ሌላ እንዳትደርቢበት።

ይሄም ሁሉ ሆኖ ከሰመጠብሽ ሌላ መንገድ አለ። አብዛኛው ማሽን "ሊጥ ብቻ" እና "መጋገር ብቻ" የሚሉ ፕሮግራሞች አሉት። በመጀመሪያው አስቦኪው፣ ሊጡ ከዕቃው ጠርዝ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሲደርስ ራስሽ መጋገሪያውን አስጀምሪው። መቼ መጋገር እንዳለበት አንቺ ወሰንሽ ማለት ነው።

የታቦሯ እናት፦

ልጄ እንኳን ለሀገርሽ አበቃሽ። ጋጋሪው የተናገረው ትክክል ነው፣ ስለ ዱቄቱ ግን እኔ ልጨምርልሽ።

ፉርኖ ዱቄት ሁሉ አንድ አይደለም። ለብስኩትና ለኬክ የሚሆን ልፍስፍስ አለ፣ ለዳቦ የሚሆን ጠንካራ አለ። ተሰፍሮ በኪሎ ሲሸጥ የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም። እኔ የምለየው በእጄ ነው። ጥቂት ዱቄት በውሃ ለውሼ፣ ሸፍኜ ግማሽ ሰዓት አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ቁራሹን በሁለት እጄ ጣቶች ቀስ እያልኩ እስበዋለሁ። ሳይበጠስ ሳስቶ ብርሃን እስኪያሳይ ከተለጠጠልኝ ለዳቦ ነው። ገና ሲሳብ ብጥስ ካለ ለቂጣ ይሆናል፣ ዳቦ አድርጌ አልደክምበትም። ጥሩውን ሲያገኙ ከዚያው ሱቅ፣ ከዚያው ጆንያ ደህና አድርጎ መያዝ ነው።

የወፍጮ ቤቱ ስንዴ እንቢ ያለሽ ፉርሽካው ስላለበት ነው። ፉርሽካው ሊጡ እንዳይለጠጥ ይቆራርጠዋል፣ ውሃም ይጠጣል። በወንፊት ንፊውና ከፉርኖው ጋር እኩል ቀላቅይው። ውሃውንም ከፍ አድርጊ። ከቻልሽ ዱቄቱንና ውሃውን ብቻ ለውሰሽ እርሾና ጨው ሳይገባ ትንሽ አቆይው፣ ይለሰልስልሻል። ጤፍም ማስገባት ትችያለሽ፣ ጤፍ ግን ሊጡን የሚይዝ ነገር ስለሌለው ከአምስት እጅ አንድ እጅ አይለፍ።

ለኔም ልጄ ከውጭ ማሽን ልካልኛለች። እኔ የማዘው ለማቡካት ነው፣ ክንዴና ወገቤ አርፎልኛል። ሊጡን አውጥቼ ድፎ ነው የምደፋው። ኮባ እዚህ ሲዳማ ምድር ሆነሽ መቼም አትቸገሪም፣ ገበያ ላይ ሞልቷል። አጥበሽ እሳት ላይ ለስለስ አድርጊው፣ ካልለሰለሰ ሲታጠፍ ይቀደዳል። ምጣዱ ላይ አንጥፈሽ ሊጡን ገልብጪበት፣ ከላይም ኮባ አልብሰሽ ክደኚው። እሳቱ ረጋ ይበል። የታችኛው ሲበስል ገልብጠሽ የላዩን አብስዪ። በማሽኑ ውስጥ የተጋገረው ዳቦ ያንን የኮባ ሽታ ከየት ያመጣዋል? ማሽኑ ብዙ ዱቄት አይችልምና ለበዓል ከሆነ ሊጡን በሁለት ዙር አስቦኪና አንድ ላይ አድርጊው።

አዳማ ፍራንኮ፦

ጥያቄውን ስላነሳሽው አመሰግናለሁ፣ እኔም ልደርብ። ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ የዳቦ ማሽን ሊያመጣልኝ ነው። አዳማ ላይ ይሠራል? "ሶኬቱን መቀየር ብቻ ነው" ያለኝ ሰው አለ።

የመብራት ሰው፦

አዳማ ፍራንኮ፣ ወንድሜ፣ ሶኬት ብቻ ቀይረህ እንዳትሰካው! የአሜሪካ ዕቃ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፣ የኛ መብራት 220 ነው። ቮልቱ ወደ እጥፍ ሲጠጋ ማሞቂያው የሚስበው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ወዲያው ይቃጠላል፣ ካልታደልክ እሳትም ያስነሳል። እህታችን የጀርመኑ ያልተቸገረችበት የዚያ ሀገር መብራት 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) ስለሆነ ነው፤ ከኛ ጋር ይስማማል።

የአሜሪካውን ልጠቀም ካልክ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። የማሽኑን ዋት ከጀርባው አንብብ፣ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 700 ነው፤ ትራንስፎርመሩ ግን 1,000 ዋት ይሁን፣ ልክ በልክ ከሆነ ይግላል። ለጉዞ የሚሸጡት ትንንሾቹ መቀየሪያዎች ለዚህ አይሆኑም። ይህንንም አድርገህ አንድ ነገር ይቀራል። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ ትራንስፎርመር ደግሞ ኸርዝ አይቀይርም፤ ስለዚህ በአንዳንዱ ማሽን ሞተሩ ዘገም ብሎ ሊዞር ይችላል። እኔን ብትሰማኝ ወንድምህ የማሽኑን ዋጋ በእጅህ ይስጥህና 220 የሚሠራ ፈልግ። ትራንስፎርመሩ ራሱ ከባድ ነው፣ ወጪም አለው።

መብራት ሲጠፋ ለተባለው፦ ብዙ ማሽኖች ለጥቂት ደቂቃ ያህል የት እንደደረሱ ያስታውሳሉ፣ መብራቱ ቶሎ ከተመለሰ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ የማሽንሽ መመሪያ ላይ አለ። ከዚያ ካለፈ ግን ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው። እያቦካ ሳለ ከጠፋ ችግር የለውም፣ እንደገና አስጀምሪው። ኩፍ እያለ ከጠፋ እዚያው ተከድኖ ይቆይ፣ መብራቱ ሲመጣ "መጋገር ብቻ" የሚለውን ተጫኚ። መብራቱ የሚዘገይ ከመሰለሽ ሊጡን አውጥተሽ ዘይት የተቀባ ወፍራም ድስት ውስጥ አድርጊና ከሰል ላይ ጣጂው፣ ክዳኑም ላይ ፍም አድርጊበት። በረድ ያለ ፍም ነው የሚፈልገው። በኤሌክትሪክ ወጪም አትጨነቂ፤ ምጣድ 3,500 ዋትና ከዚያ በላይ ሲስብ ማሽኑ ያን ያህል አይደለም፣ የሚያሞቀውም በመጨረሻው አንድ ሰዓት አካባቢ ነው።

የሐይቅ ዳሯ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋጋሪው እንዳለኝ አደረግኩ፦ እርሾው 5 ግራም፣ ጨው ጨመር፣ ውሃው ከፍሪጅ። ክዳኑን ከፍቼ ሳየው ሊጡ ታች ተለጥፎ ነበር፣ በ290ም ማለት ነው። ሁለት ማንኪያ ዱቄት ስጨምርበት ዓይኔ እያየ ተሰበሰበ፣ ግድግዳው ጠራ። ዳቦው እንደድሮው እስከ መስታወቱ አልደረሰም፣ ግን አልሰመጠም! ላዩ ደረት አውጥቷል፣ ውስጡ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። ልጆቹ ትኩሱን በማር ጨረሱት።

እማማ፣ ዱቄቱን እርስዎ እንዳሉት ለውሼ ሳብኩት። ስገዛው የኖርኩት ወዲያው ብጥስ አለ፣ ገበያ አካባቢ ካለ ሌላ ሱቅ ያመጣሁት ግን በደንብ ተሳበልኝ። እንዴት እንደማመሰግንዎት አላውቅም። የድፎውን ለበዓል እሞክረዋለሁ፤ ኮባውን ስገዛ የቱን ልምረጥ?

አሁን የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ዳቦውን ሳወጣው ቅርፊቱ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ይረጥባል። ደግሞ ማቡኪያዋ ዳቦው ሥር ቀርታ ስትወጣ ትልቅ ቀዳዳ ትተዋለች።

የታቦሯ እናት፦

ተባረኪ ልጄ። ኮባው ያልተቀደደ ይሁን፣ ሰፋ ያለውን ምረጪ። ደርቆ ጫፉ የከሰለውን ተይው። በዋዜማው ብትገዢው ይሻላል፣ የበዓል ዕለት ይወደዳል።

ጋጋሪው ከአቶቴ፦

ደስ ብሎኛል እህቴ። ቅርፊቱ የሚረጥበው ዳቦው ዕቃው ውስጥ ሲቆይ የራሱ እንፋሎት ተመልሶ ስለሚበላው ነው። ማሽኑ እንደጮኸ አውጪውና አየር ከታችም በሚያገኝበት ነገር ላይ አስቀምጪው፣ የሽቦ መደርደሪያ ካለሽ እሱ ነው። በጨርቅ አትጠቅልዪው፣ በትኩሱም አትቁረጪው፤ ውስጡ ገና እየበሰለ ነው።

ማቡኪያዋን ደግሞ የመጨረሻው ማቡካት ሲያልቅ፣ ሊጡ ለመጨረሻ ጊዜ ኩፍ ከማለቱ በፊት አውጪያት። እጅሽን ዘይት ቀቢና ሊጡን አንስተሽ ነቅለሽ መልሺው፣ በዚያውም ላዩን አስተካክዪው። የምትቀረው የዘንጓ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ናት።

ማታ ሰዓት ሞልተሽ የምትተኚ ከሆነ ውሃው ከታች፣ ዱቄቱ ከላይ ይሁን። እርሾውን ዱቄቱ አናት ላይ ትንሽ ጎድጎድ አድርገሽ ጨምሪ፣ ጨውና ውሃ እንዳይነካው። ወተትና እንቁላል የሚገባበትን ሊጥ ግን በዚህ ሙቀት አታሳድሪው። የተከፈተ እርሾም ቁም ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም፣ በደንብ የሚዘጋ ብልቃጥ ውስጥ አድርገሽ ፍሪጅ አስገቢው።