ማግኒዚየም አቃጥለን አመዱ ሽንት ሽንት ሸተተን፤ ለምን?

የላብ ልጅ፦ ሰላም የኬሚስትሪ ሰዎች። 11ኛ ክፍል ነኝ። ትናንት ቤተ ሙከራ ገብተን 0.24 ግራም የማግኒዚየም ጥብጣብ ክዳን ባለው ክሩሲብል (እሳት የሚችል ትንሽ የላብ ዕቃ) አቃጠልን። ሁሉም ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ኦክሳይድ ከሆነ 0.40 ግራም መምጣት ነበረበት። እኛ ያገኘነው 0.38 ነው። ሁለቴ መዘንነው፣ ያው ነው። ዕቃውን ላጥብ ብዬ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ደግሞ የሽንት ቤት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አመዱም ጥርት ያለ ነጭ አይደለም፣ ቢጫ ቢጫ ይላል። የቡድኔ ልጆች "ክሩሲብሉ ቆሽሾ ነው" አሉ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

አቢ 27፦ አልቆሸሸም! የሸተተህ አሞኒያ ነው። አየር ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ ገደማ ነው፣ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ማግኒዚየም ሲግል ናይትሮጅኑንም ይይዘዋል። ማግኒዚየም ናይትራይድ ይባላል፣ ቢጫነቱም ከሱ ነው። ውሃ ሲነካው አሞኒያ ይለቃል።

ጡረታ የወጣሁ መምህር፦ ልጄ፣ አቢ ልክ ነው፤ ክብደቱን ግን ላስረዳህ። ሦስት የማግኒዚየም አቶሞች ኦክሳይድ ሲሆኑ ሦስት ኦክስጅን ይይዛሉ፣ ናይትራይድ ሲሆኑ ግን ሁለት ናይትሮጅን ብቻ። ስለዚህ 0.24 ግራሙ በሙሉ ናይትራይድ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ 0.33 አካባቢ ይል ነበር። ያንተ 0.38 መሐል ላይ ነው። ናይትሮጅን ሁለቱ አቶሞቹ በሦስት ቦንድ ተሳስረው ስለሚኖሩ በቀላሉ የሚላቀቅ ጋዝ አይደለም፣ ብረት እንኳ ስታቃጥል ዝም ብሎ ያይሃል፤ የማግኒዚየም ሙቀት ግን ይፈታዋል። ክዳኑም አግዞታል። አየር በጥቂቱ ሲገባ ከላይ ያለው ማግኒዚየም ኦክስጅኑን ቀድሞ ይጠቀምበታል፣ ታች የሚደርሰው በአብዛኛው ናይትሮጅን ነው።

አሁን እንዲህ አድርግ። አመዱ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምርበት። መጀመሪያ በዝግታ አሙቀው፣ አሞኒያው ይውጣ። ከዚያ የቀረው ኦክሳይድ እንዲሆን በደንብ አግለውና መዝን። ስታሞቀውም እርጥብ ቀይ ሊትመስ ወረቀት አፉ ላይ ያዝ፣ አሞኒያ ካለ ሰማያዊ ይሆናል።

ሰናይት፦ ይሄ ነገር ታሪክም አለው፣ በጣም ነው የምወደው። ሎርድ ሬይሊ የሚባል ሳይንቲስት ከአየር የወሰደው ናይትሮጅን በኬሚካል ከተሠራው ትንሽ ከበደበት። ኬሚስቱ ዊልያም ራምሴይ የአየሩን ናይትሮጅን በጋለ ማግኒዚየም ላይ ደጋግሞ አሳለፈው። ብረቱ ናይትሮጅኑን ሲጨርስ ምንም የማይነካው ጋዝ ተረፈ። አርጎን ነው! እ.ኤ.አ. 1894 ዓ.ም. ነበር፤ በ1904 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። አንተን ያሳሳተህ ነገር እኮ ለነሱ መሣሪያ ሆኗቸዋል።

ቶርኖ ቤት፦ ከሥራ ቦታ አንድ ነገር ልጨምር፣ እባካችሁ አትርሱት። የማግኒዚየም ፍቅፋቂ እሳት ከያዘው ውሃ እንዳታፈሱበት፣ ሃይድሮጅን ይወጣና ይባስ ይፈነዳል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም አይሠራም። ብረቱ ኦክስጅኑን ከጋዙ ላይ ነጥቆ መንደዱን ይቀጥላል፣ ጥቁር ካርቦን ብቻ ይቀራል። አንድ ጊዜ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ደንግጦ ባልዲ ውሃ አንስቶ ሲሮጥ እጁን ይዤ ነው ያስቀረሁት። ደረቅ አሸዋ አጠገባችሁ ይኑር። ነበልባሉንም በባዶ ዓይን አትዩት።

የላብ ልጅ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዳሉኝ አደረግኩት። ሊትመሱ ሰማያዊ ሆነ! ክፍሉ በሙሉ ተሰብስቦ አየ። ሚዛኑ አሁን 0.39 ይላል። የቀረችው 0.01 የት ገባች?

ጡረታ የወጣሁ መምህር፦ ጎበዝ ልጄ። እያቃጠልክ ሳለ ክዳኑን ስታነሣ ነጭ ጭስ አልወጣም? እሱም ኦክሳይድ ነው፣ ክብደቱን ይዞ ሄዷል። በሚቀጥለው ክዳኑን በጣም በትንሹ አንሣ።