የክላስ አክሽን (የብዙ ሰው የጋራ ክስ) ክሌይም (የካሳ ጥያቄ) ቀኑ አለፈኝ! የሚያውቅ ሰው ካለ ቶሎ

ዓባይ ማዶ (ቨርጂኒያ)፦ ወገኖቼ፣ ትናንት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ተዘግቷል! ዛሬ ጠዋት ልሞላ ስገባ ፎርሙ የለም። የስልክ ድርጅቴ የደንበኛ መረጃ ተሰርቆበት ተከሶ በስምምነት ያለቀው ጉዳይ ነው። ደብዳቤው ድሮ ተከራይቼ ወደነበረበት ቤት ሄዶ ገና አሁን ነው የደረሰኝ። በስሜ ብድር ወስደውብኛል፣ ያወጣሁበት ደረሰኝ ሁሉ በእጄ ነው። ማን ጋ ልደውል?

እናት ዳላስ፦ ልጄ፣ ቤት ስትለቂ ፖስታ ቤት አስመዝግቢ። ደብዳቤሽን አንድ ዓመት ሙሉ አዲሱ ቤትሽ ያደርሱልሻል። እኔ ለመጣ ሰው ሁሉ ይህንን ሳልናገር አላድርም።

ሹፌሩ 202፦ አይዞሽ እህቴ። በ2023 የፌስቡኩ የ725 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጊዜም ኦገስት 25 ያለፋቸው ጓደኞች አሉኝ። ዝም ብለሽ አትቀመጪ፣ ዛሬውኑ ጻፊላቸው።

ጦሳ፦ ለዚች ብር ነው እንዲህ የምትጨነቂው? ብሩን የሚወስዱት ጠበቆቹ ናቸው። ተያቸውና ራስሽ ክሰሻቸው።

የፋይል ሠራተኛ፦ ጦሳ፣ ይሄ ምክር ይጎዳታል። ከስምምነቱ እወጣለሁ ብላ በጊዜው ካልጻፈች፣ ክሌይም ሞላችም አልሞላችም በዚያው ጉዳይ የመክሰስ መብቷ አብሮ ይሄዳል። የመውጫው ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከክሌይሙ ቀድሞ ነው የሚያልፈው።

እህቴ፣ ስልክ ድርጅቱ ጋ አትደውዪ። ደብዳቤው ላይ ሴትልመንት አድሚኒስትሬተር (ክሌይሞቹን ተቀብሎ ገንዘቡን የሚያከፋፍለው) የሚል አለ፣ ለእሱ ጻፊ። ለከሳሾቹ ጠበቆችም ኮፒ አድርጊ። ለምን እንደዘገየሽ በሁለት መስመር ንገሪያቸው፣ ቤት የቀየርሽበትን ማስረጃና ደረሰኞቹን አያይዢ፣ «የዘገየ ክሌይሜን ተቀበሉልኝ» በይ። መቀበል ግዴታቸው አይደለም። ግን ገንዘቡ ገና ካልተከፋፈለ አንዳንዴ ይቀበላሉ፣ ዳኛውም መፍቀድ ይችላል። ስለዚህ ነገ ከምትልኪ ዛሬ ላኪ።

ደብዳቤውንም እስከ መጨረሻው አንብቢው፣ ሁለተኛ ቀን ሊኖረው ይችላል። የክሬዲት ድርጅቱ ኢኩፋክስ መረጃ ተሰርቆበት በተከሰሰ ጊዜ የመጀመሪያው የክሌይም ቀን ጃንዋሪ 22፣ 2020 ነበር። ከዚያ በኋላ ለደረሰ ጉዳት ግን እስከ ጃንዋሪ 22፣ 2024 ድረስ ተቀብለዋል።

ሹፌሩ 202፦ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ጻፊላቸው።

ዓባይ ማዶ፦ እግዜር ይስጥልኝ! አሁን እየጻፍኩ ነው። አንድ ሰውዬ 75 ዶላር ክፈዪኝና አስገባልሻለሁ ብሎኛል፣ ልክፈለው?

የፋይል ሠራተኛ፦ በፍጹም! ክሌይም ማስገባት በነጻ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲሽንም እንዳትሰጪው። ለብድሩ ደግሞ የክሌይሙን መልስ አትጠብቂ። አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ ላይ ሪፖርት አድርጊ፣ ሦስቱም የክሬዲት ድርጅቶች ጋ በስምሽ አዲስ ብድር እንዳይከፈት ክሬዲትሽን አዘጊ (ፍሪዝ)። እሱም ነጻ ነው።

እናት ዳላስ፦ ፖስታ ቤቱንም አትርሺ ልጄ።

ሹፌሩ 202፦ እህቴ፣ ሦስት ሳምንት ሆነ እኮ። መለሱልሽ?