የድብርት መድኃኒቶች እየተምታቱብኝ ነው፤ በምን ዘዴ ልያዛቸው?

ጠያቂ (3ኛ ዓመት ፋርማሲ)፦ ለየብቻ ሳነባቸው ይገቡኛል። ፈተና ላይ ግን ፍሉኦክሲቲን፣ ዱሎክሲቲን፣ አቶሞክሲቲን ይደበላለቁብኛል። የትራይሳይክሊኮቹ (የቆዩት የድብርት መድኃኒቶች ክፍል) የጎንዮሽ ጉዳትም አይያዝልኝም። የምታውቁት ዘዴ ካለ እባካችሁ።

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ የሚያሳስትህ «ኦክሲቲን» የሚለውን መጨረሻ የአንድ ክፍል ምልክት አድርገህ መያዝህ ነው። ፍሉኦክሲቲንና ፓሮክሲቲን ኤስኤስአርአይ (ሴሮቶኒን የተባለው የነርቭ መልእክተኛ ተመልሶ እንዳይሰበሰብ የሚያግዱ) ናቸው፣ ዱሎክሲቲን ኤስኤንአርአይ (ሴሮቶኒንንም ኖርኤፒነፍሪንንም የሚመለከት) ነው፣ አቶሞክሲቲን ግን ለኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) እንጂ ለድብርት አይታዘዝም። መጨረሻቸው የሚታመነው ትራይሳይክሊኮቹ ናቸው፦ «ትሪፕቲሊን» ወይም «ኢፕራሚን» ካየህ አትጠራጠር።

ስድስቱን ኤስኤስአርአይ በዚህ ዐረፍተ ነገር የመጀመሪያ ስድስት ቃላት መነሻ ፊደል ያዝ፦ «ፍቃዱ ሰርቶ ፓስታ ሲበላ እስኪጠግብ ፍርፍር ጨመረ»። ፍሉኦክሲቲን፣ ሰርትራሊን፣ ፓሮክሲቲን፣ ሲታሎፕራም፣ እስሲታሎፕራም፣ ፍሉቮክሳሚን። «ፍ» ሁለት ጊዜ ስለመጣ ቅደም ተከተሉን እንዳትለውጥ።

መልስ 2፦ ከትራይሳይክሊኮቹ አንዱ ለሆነው ለአሚትሪፕቲሊን የጎንዮሽ ጉዳት ዝርዝር አትሸምድድ፤ ከራስ ወደ ታች ውረድ። ዓይን ይደበዝዛል፣ አፍ ይደርቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሽንት አልወጣ ይላል። አምስቱም የመስካሪን ተቀባይ (አሴቲልኮሊን የተባለው የነርቭ መልእክተኛ የሚሠራበት) ሲዘጋ የሚመጡ ናቸው። እንቅልፍና ክብደት መጨመር ከሂስታሚን ተቀባይ መዘጋት፣ ሲነሱ ማዞር ከአልፋ 1 (የደም ሥርን የሚያጠብ ተቀባይ) መዘጋት ስለሆኑ ለብቻ ያዛቸው፤ ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።

ከመጠን በላይ ሲወሰድ ኮ፣ ኮ፣ ካ፦ ኮማ፣ ኮንቨልሽን (መንቀጥቀጥ)፣ ካርዲዮቶክሲሲቲ (የልብ መመረዝ)። የልብን የሶዲየም ቻናል ስለሚዘጋ ኪውአርኤስ (በልብ ምርመራ ወረቀት ላይ የታችኛው የልብ ክፍል ምልክት) ይሰፋል። ከ100 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይሰጣል።

መልስ 3፦ ቁጥር ያለ ምክንያቱ አይቆይም። ከፌኔልዚን (ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም የሚዘጋ የድብርት መድኃኒት) ወደ ኤስኤስአርአይ ለመቀየር 14 ቀን ይጠበቃል፤ የተዘጋው ኢንዛይም እንደ አዲስ እስኪሠራ ነው። ከፍሉኦክሲቲን ወደ ፌኔልዚን ሲሆን ግን 5 ሳምንት ነው፤ ኖርፍሉኦክሲቲን የሚባለው ውላጁ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ካልተጠበቀ ሴሮቶኒን ሲንድረም (ሴሮቶኒን ከመጠን በላይ በዝቶ የሚመጣ አደገኛ ሕመም) ሊያስከትል ይችላል።

የምግብ ጥያቄ ከመጣ፣ ፌኔልዚን የሚወስድ ሰው የሚከለከለው ታይራሚን (ከዚህ መድኃኒት ጋር የደም ግፊትን በድንገት የሚያሻቅብ ንጥረ ነገር) የበዛበት የቆየ አይብ ነው፤ ትኩሱ የቤት አይብ አይደለም።

ካርድ ስትሠራ ከፊት «ከየት ወደ የት? ስንት ጊዜ? ለምን?» ብለህ ጻፍ። መልሱን ሳታይ ጮክ ብለህ ተናገርና በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ድገመው። የሳትከው ካርድ ወደ 1ኛው ቀን ይመለሳል። ደጋግሞ ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ ገጹ ስለተለመደ የያዝከው ይመስልሃል።