«ፀረ ተሕዋስያን» ስንል የማን ፀር?

ጠያቂዋ፦
ሰላም የቃል ወዳጆች። በወንድ አጥቢ እንስሳት የመራቢያ አካል ውስጥ ስለሚገኙ ባክቴሪያ ገዳይ ፔፕታይዶች (አጫጭር የፕሮቲን ሰንሰለቶች) የሚያወራ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ፀረ ተሕዋስያን ፔፕታይድ» ብዬ ጀመርኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ቃሉ አላስኬድ አለኝ። ያው ሞለኪውል ነባዘርን (የወንድ የዘር ሕዋስን) ያግዛል ይላላ! ፀር የተባለ ነገር እንዴት አጋዥ ይሆናል? ደግሞስ ከነዚህ ፔፕታይዶች የአንዱን ቤተሰብ ስም «ዲፌንሲን»ን «ተከላካይ» ብለው ያስኬዳል?

ግእዝ ወዳዱ፦
እህቴ፣ የነካሽው ትልቅ ነገር ነው። «ፀር» በግእዝ ጠላት ነው። «ፀረ» ሲሆን «የእንትን ጠላት» ይሆናል። ፀረ ሙስና፣ የሙስና ጠላት። እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ችግሩ ያለው «ተሕዋስያን» ላይ ነው። ግእዙ «ተሐውሰ» ሲል ተንቀሳቀሰ፣ ተነቃነቀ ማለቱ ነው። ተሕዋሲ ማለት እንግዲህ የሚንቀሳቀስ ነው። ቃሉን በጥሬው ፍቺው እስቲ፤ «የሚንቀሳቀሱ ነገሮች ጠላት» ይመጣልሻል። ነባዘር ደግሞ ጅራት አውጥቶ የሚዋኝ ሕዋስ ነው። የከበደሽ ዝም ብሎ አይደለም።

የላብራቶሪው ሰው፦
ግእዙን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ከሳይንሱ ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል። ነባዘር ከዘር ፍሬው (ቆለጥ ማለትም ነውር የለውም፣ ትክክለኛ ቃል ነው) ሲወጣ ገና በቅጡ መዋኘት አይችልም። ከፍሬው ጀርባ የተጠቀለለ ኤፒዲዲሚስ የሚባል ቀጭን ቱቦ አለ። የሰው ሲዘረጋ 6 ሜትር ገደማ ይሆናል። ነባዘር የሚበስለው እዚያ ውስጥ ሲያልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከአይጥ ኤፒዲዲሚስ ቢን1ቢ የተባለ ዲፌንሲን መገኘቱ ተነገረ። ባክቴሪያ ይገድላል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ያው ቢን1ቢ ከነባዘሩ ራስ ላይ ተጣብቆ፣ ካልሲየም እንዲገባ አድርጎ፣ ያልበሰለውን ነባዘር እንዲዋኝ እንደሚያደርገው ታየ። የተንቀሳቃሽ ጠላት ያልነው እንቅስቃሴ ሰጪ ሆኖ አረፈው።

ባክቴሪያውን የሚያጠቃው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ዲፌንሲኖች ፖዘቲቭ ናቸው፤ የባክቴሪያ ሽፋን ደግሞ በውጭ በኩል ኔጌቲቭ ነው። ይሳሳባሉ፣ ሽፋኑ ይበሳል።

ሌላም ልጨምር። ዲፌንሲን 126 የሚባለው በኤፒዲዲሚስ ውስጥ ነባዘሩን እንደ ካባ ይሸፍነዋል። ካባው በማኅፀን በር ላይ ያለውን ወፍራም ንፍጥ ሰንጥቆ ለማለፍ ይጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት፣ ከሁለቱም ወላጆቻቸው የዚህን ዲፌንሲን ዘረመል ሁለት ፊደል የጎደለበትን ቅጂ የወረሱ ወንዶች ሚስቶቻቸው እስኪያረግዙ ጊዜ ወስዶባቸዋል። ዘራቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ደህና ነው። ይሄ ነገር ሁሌም ያስደንቀኛል።

ካቴሊሲዲን የሚባለው ሌላው የባክቴሪያ ገዳይ ፔፕታይዶች ቤተሰብ ካጋጠመሽ ደግሞ፣ ገዳዩን ክፍል ይዞ ለሚቆየው ክፍል «ሰገባ» የሚለውን ቃል ተጠቀሚ። የሰው ዘር ፈሳሽ ውስጥ በብዛት ያለው ገና ያልተመዘዘው ረጅሙ ፕሮቲን ነው። በሴቷ ብልት አሲድ ውስጥ ሲገባ፣ ከዘር ፈሳሹ ጋር የመጣ ኢንዛይም ይቆርጠዋል። ያኔ ስለቱ፣ ማለትም ገዳዩ ፔፕታይድ፣ ይወጣል።

ግእዝ ወዳዱ፦
እንደዚያ ከሆነ «ዘብ ፔፕታይድ» ብትይውስ? ዘብ ሌባ ይመልሳል፣ ለባለቤቱ ግን በር ይከፍታል። «ተከላካይ» ካልሽ አንባቢው በቀጥታ ኳስ ሜዳ ነው የሚታየው።

የላብራቶሪው ሰው፦
ዘብን ወድጄዋለሁ። ግን «ፀረ ተሕዋስያን»ን ጨርሰሽ አትጣይው። የመድኃኒቱ ዓለም ተስማምቶበታል፤ አንባቢም ፈልጎ የሚያገኝሽ በእሱ ነው። መጀመሪያ ላይ አንዴ ጥሪው፣ ከዚያ በዘብ ቀጥዪ። ዲፌንሲን የአንድ ቤተሰብ ስም ስለሆነ እንዳለ ይቆይ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሦስተኛው ገጽ እንዲህ ሆነ፦ «ዘብ ፔፕታይዱ የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሳል፤ ነባዘሩን ግን ካባ አልብሶ ይሸኘዋል።» «ይልከዋል» ብዬ ነበር። ግን ሸኚ የተወሰነ መንገድ አብሮ ይሄዳል፤ ካባውም አብሮት ስለሚሄድ «ይሸኘዋል» ይሻላል አልኩ።