ቤቴ ውስጥ ራሴን መንከባከብ እፈልጋለሁ፤ ከኩሽና ምን ልጠቀም?

ደረቅ_ቆዳ፦

ሰላም ወገን፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ሰውነቴን ከረሳሁት ቆይቷል። ታጥቤ እወጣለሁ፣ እለብሳለሁ፣ እሮጣለሁ፣ በቃ። አሁን ቢያንስ በሳምንት አንድ ማታ በሩን ዘግቼ፣ ስልኬን አጥፍቼ፣ ራሴን ልንከባከብ ብዬ ቆርጫለሁ። ብዙ ብር ማውጣት አልፈልግም። ያ ሁሉ ስሙ የማይነበብ ነገር የተጻፈበት ዕቃም አይማርከኝም።

የኔ ነገር እንዲህ ነው። ቆዳዬ ደረቅ ነው፣ በተለይ እግሬና ክንዴ። ከታጠብኩ በኋላ ይወጥረኛል፣ ያሳክከኛል፣ አንዳንዴም ነጭ ነጭ ይላል። ተረከዜ ተሰነጣጥቋል። ፊቴ ደግሞ በተቃራኒው ወዛም ነው፣ ብጉር አያጣውም። ባኞ የለኝም፤ ያለኝ ሻወርና ባልዲ ነው።

ቪዲዮ ላይ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅለው ሰውነታቸውን ሲያሹ አያለሁ፣ «ቆዳ ያጠራል» ይላሉ። ስኳር በዘይት የሚሉም አሉ፣ አጃ የሚሉም፣ ማር፣ የኮኮናት ዘይት፣ ጨው፣ ሽታ ያላቸው ዘይቶች... የቱ ለምን እንደሚሆን ጠፋኝ። የምታውቁ ሳታካብዱ ንገሩኝ።

ለብ_ያለ፦

እህቴ ከሎሚው ልጀምር፤ ተይው። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል) 2 አካባቢ ነው፣ ቆዳችን ደግሞ 5 አካባቢ ሲሆን ነው ጤነኛ የሚሆነው። ቤኪንግ ሶዳው በተቃራኒው ከ8 በላይ ነው። ሁለቱን ስትቀላቅዪ የሚፈላው አረፋ የመድኃኒት ኃይል አይደለም፣ አንዱ ሌላውን ሲያከሽፈው ነው። የከፋው ግን ሌላ ነው። ሎሚ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው ሎሚው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከፀሐይ ጨረር ጋር ይዋሃድና ቆዳውን ያቃጥለዋል። ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ጥቁር ምልክት ይተዋል፣ ምልክቱም ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት አይለቅም። ያጠራል የተባለው ያጠቁራል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከታጠብሽ በኋላ የሚወጥርሽ ከሆነ ምን ልቀባ ከማለትሽ በፊት እንዴት እንደምትታጠቢ እይ። በጣም የሞቀ ውሃ የቆዳን ቅባት ያጥባል። ተራ ደረቅ ሳሙና ፒኤቹ 9 እና 10 ስለሚደርስ እሱም ያደርቃል። እንዲህ አድርጊ፦ ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፣ ሳሙናውን ብብት፣ እግርና የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ብቻ። ክንድና ቅልጥም የጭቃ ሥራ ካልዋሉ በስተቀር በየቀኑ ሳሙና አይፈልጉም። ስትወጪ በፎጣ አትፈትጊ፣ ነካ ነካ አድርጊው። ቆዳሽ ገና እርጥብ እያለ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ ገደማ፣ ቅባትሽን ቀቢ። ዘይት ውሃ አይሰጥም፣ ያለውን ውሃ ነው የሚይዘው። ደረቅ ቆዳ ላይ ብትቀቢው የሚይዘው ነገር የለም። ሰው ሁሉ ስለ ቅባቱ ዓይነት ይጨቃጨቃል፣ እኔ ግን ከዓይነቱ ይልቅ ሰዓቱ ይበልጣል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ደስ የሚለው እንምጣ። ለሚያሳክክ ደረቅ ቆዳ ከኩሽና አንድ ነገር ምረጪ ብትዪኝ አጃ ነው የምልሽ። ወሬ ብቻም አይደለም፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2003 እ.ኤ.አ. በደንብ የተፈጨ አጃን ቆዳን ከሚከላከሉ ነገሮች ውስጥ አስገብቶታል። አጃውን በብሌንደር እንደ ዱቄት እስኪሆን ፍጪው። መድቀቁን ለማወቅ አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምረሽ በጥብጪ፤ ውሃው ወተት ከመሰለ ሆኗል፣ ታች ከዘቀጠ ድገሚው። ባኞ ስለሌለሽ ቀጭን ካልሲ ውስጥ አንድ ሁለት እፍኝ ጨምረሽ አፉን እሰሪ፣ ባልዲው ውስጥ ለብ ባለው ውሃ ዘፍዝፊና ጭመቂው። ነጭ፣ ለስለስ ያለ ውሃ ይወጣል። በካልሲው ሰውነትሽን ቀስ እያልሽ እሺ፣ በመጨረሻ ውሃውን አፍስሺበት። ግን ወለሉ በጣም ያንሸራትታል፤ ከታች ፎጣ አንጥፊ።

የቅዳሜ_ማታ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን እናንተ ሐኪም ቤት አደረጋችሁት እኮ 😄 ልጅቷ ዘና ማለት ነው የፈለገችው።

ውዴ ስክራብ (የቆዳ መፈተጊያ) ሥሪ። ሁለት እጅ ስኳር፣ አንድ እጅ ዘይት፣ በቃ። ከጨው ስኳር ይሻላል፤ ጨው ትንሽ ጭረት ካገኘ ያንገበግባል፣ ስኳር ግን ውሃ ሲነካው እየሟሟ ስለሚሄድ እንደዛ አይፍቅም። እርጥብ እግርና ክንድ ላይ በመዳፍሽ ክብ ክብ እያደረግሽ እሺው፣ ክርንና ጉልበት ላይ ትንሽ ቆዪ። በሳምንት አንዴ በቂ ነው። ፀጉር በተላጨሽበት ቀን አይሆንም። ፊት ላይ ደግሞ በፍጹም፣ ብጉር ያለበትን ፊት በስኳር መፈተግ እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው። የቡና አተላ የሚሉትም አለ፣ ሽታው ደስ ይላል፣ ግን የሻወሩን ፍሳሽ ይዘጋዋል። እኔ እሱን አልነካም።

ለፊትሽ ማር ሞክሪ። ስስ አድርገሽ ቀብተሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጋደም በይ፣ ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ። ማር እርጥበት ይስባል፣ ቆዳውም ሳይወዛ ይለሰልሳል። ብጉርን ያጠፋል ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ኮምጣጣው፦

እኔ ደግሞ ልቃወም። «ከተፈጥሮ ነው» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም። ሎሚም ከተፈጥሮ ነው፣ ሳማም ከተፈጥሮ ነው። ማር ላይ አለርጂ ያለበት ሰው አለ፣ ለአበባ ብናኝ የሚያስነጥሰው ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ማንኛውንም ነገር ሙሉ ሰውነት ላይ ከመለቅለቅ በፊት የክንድ መታጠፊያ ውስጥ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። ካቃጠለ፣ ከቀላ ወይም ካሳከከ ቀረ ማለት ነው።

ጨው የተባለው ኤፕሰም ሶልት ከሆነ፣ እሱ ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። ማግኒዥየሙ በቆዳ ገብቶ ጡንቻ ያፍታታል የሚባለው አሳማኝ ማስረጃ የለውም። ደስ የሚለው የሞቀው ውሃና ዝም ብሎ መቀመጡ ነው፤ እሱ ደግሞ በነጻ ነው።

የቤት_ቅባት፦

የትኛው ዘይት እንደሚሻል ማንም አልጻፈም። እኔ ለሰውነት የሱፍ አበባ ዘይት እመርጣለሁ። ሰው ሁሉ የወይራ ዘይት ይላል፣ ለምግብ እሺ፣ ለደረቅ ቆዳ ግን ብዙ አያዋጣም። ኦሌይክ አሲድ የሚባል የቅባት ዓይነት ስለሚበዛበት የቆዳውን መከላከያ ያሳሳል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ አነስተኛ ጥናት ሁለቱን በአዋቂዎች ክንድ ላይ አወዳድሮ ወይራው መቅላት ሲያመጣ የሱፍ አበባው አልጎዳም። የኮኮናት ዘይት ለክንድና ለእግር ጥሩ ነው፣ ለወዛም ፊት ግን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ስለዚህ ብጉር ካለሽ ከአንገትሽ በላይ አታውጪው።

ለብ_ያለ፦

@የቤት_ቅባት እናቴ ዕድሜ ልኳን የወይራ ዘይት ተቀብታ ቆዳዋ እንደ ሐር ነው፣ አሁን ሄጄ ተይ ልበላት? 😂

የቤት_ቅባት፦

እሳቸውን ተያቸው፤ የተስማማውን ሰው አታስተዪ። እኔ የምለው ገና ለሚጀምር፣ በዚያ ላይ ቆዳው ተቆጥቶ ለሚያሳክከው ሰው ነው። ሕፃናትና ችፌ ያለባቸው ሰዎች ላይ ግን እርሳቸውም ባይቀቡ ደስ ይለኛል።

ደረቅ_ቆዳ፦

ኧረ አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ይመለስልኛል ብዬ አልጠበቅሁም! ሎሚውን ሰርዣለሁ። ሦስት ነገር ግን ቀረ። ተረከዜስ? እነዚያ ሽታ ያላቸው ዘይቶች፣ ላቬንደር ምናምን፣ ባልዲው ውስጥ ጠብ ላድርግ? ደግሞ ማታ በሞቀ ውሃ ስታጠብ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ፣ አሁን ለብ ባለ ተባለ፣ ምን ይሻለኛል?

የቅዳሜ_ማታ፦

ተረከዝ የኔ ነው! ለብ ባለ ውሃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ዘፍዝፊ። ከለሰለሰ በኋላ በተረከዝ ድንጋይ ወደ አንድ አቅጣጫ ቀስ እያልሽ ፈግፍጊ። በምላጭ ወይም በቢላ መቁረጥ የሚባል ነገር አይታሰብ። አንድ ቀን ሁሉንም ልጨርስ ካልሽ ታቆስዪዋለሽ፣ በትንሽ በትንሹ ይሄዳል። ከዚያ አድርቂ፣ በጣቶችሽ መሃል ያለውንም ጭምር፣ እዚያ እርጥበት ከቆየ ፈንገስ ይጠራል። ቫዝሊን ወፈር አድርገሽ ቀቢና የጥጥ ካልሲ አጥልቀሽ ተኚ።

ቫዝሊን ከተፈጥሮ አይደለም የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከፔትሮሊየም ነው የሚወጣው፣ ከ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ሲቀባው ኖሯል፣ ውሃ ከቆዳ እንዳይተን በመያዝ ደግሞ የሚስተካከለው የለም። ለተረከዝ ስል መርሄን አጥፌያለሁ። ዩሪያ ያለበት ክሬም ካገኘሽም ጥሩ ነው፤ ዩሪያ ራሱ ጤነኛ ቆዳ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ኮምጣጣው፦

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩን ባይዘፈዝፍ ነው የሚሻለው። የእግር ስሜት ስለሚቀንስ ውሃው ሲያቃጥለው ላያውቅ ይችላል፣ ትንሽ ቁስልም ትልቅ ጣጣ ያመጣል። ጠያቂዋ ባይኖርባትም የሚያነብ አይጠፋም።

ሽታ ያላቸው ዘይቶች ውሃ ውስጥ አይሟሙም። ባልዲው ላይ ጠብ ስታደርጊው ከላይ ይንሳፈፍና እንዳለ፣ ሳይቀጥን፣ ቆዳሽ ላይ ይለጠፋል። ከወደድሽው መጀመሪያ በሱፍ አበባ ዘይት አቅጥኚ፤ ለ30 ሚሊ ሊትር ዘይት 6 ጠብታ ገደማ፣ ያ 1 ከመቶ ነው፣ ከታጠብሽ በኋላ ትቀቢዋለሽ። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ፔፐርሚንት ቆዳ ያስቆጣሉ፣ ራቂያቸው። ትንንሽ ልጆች ካሉ ጠርሙሱን ቆልፊበት፣ ባሕር ዛፉ በተለይ ለእነሱ አደገኛ ነው። ድመት ካለሽ ቲ ትሪ የሚባለውን ቤትሽ አታስገቢ።

ለብ_ያለ፦

የእንቅልፉ ጥያቄ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱ ምክሮች እውነትም ይጋጫሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ ወጥቶ ነበር። ከመኝታ አንድ ሁለት ሰዓት በፊት ከ40 እስከ 42.5 ዲግሪ በሆነ ውሃ መታጠብ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል ቢሆንም እንኳ፣ ቶሎ እንቅልፍ እንዲወስድ ይረዳል ይላል። ምክንያቱ ሙቀቱ ራሱ አይደለም። እጅና እግር ላይ ያሉት የደም ሥሮች ሲሰፉ ሰውነት ውስጡን ያቀዘቅዛል፣ ያ መቀዝቀዝ ነው እንቅልፍ የሚጠራው። ስለዚህ ልክ ልትተኚ ስትዪ ከሆነ አልጠቀመሽም፣ ትንሽ ቀደም በይ።

ለቆዳሽ ግን ያ ሙቀት ይከብዳል። አማራጩ ገላሽን ለብ ባለ ውሃ ታጥበሽ እግርሽን ብቻ ሞቅ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ ነው። የእግር መዘፍዘፍም ለእንቅልፍ እንደሚረዳ ታይቷል። ለተረከዝሽ የተባለውንም በዚያው ትጨርሺዋለሽ፣ ውሃው ብቻ የሚፋጅ አይሁን። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ግን በጣም የሞቀ ውሃ ውስጥ መቆየትን ተዉት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት።

የቤት_ቅባት፦

አንድ የተረሳ ነገር። ስኳርና ዘይቱን አብዝተሽ ሠርተሽ ክዳን ባለው ብልቃጥ ልታስቀምጪው ትችያለሽ፣ እርጥብ እጅ ብቻ አይግባበት። አጃ በውሃ፣ እርጎ፣ ፍራፍሬ፣ በአጭሩ ውሃ ያለበት ነገር ሁሉ ግን ለዛሬ ብቻ ሥሪው። ከመበላሸት የሚከላከል ነገር ስለሌለው ባክቴሪያና ሻጋታ ይፈላበታል፣ ገና ሳይሸትሽ ነው የሚበላሸው። የሱቅ ዕቃ ላይ ከተጻፉት የማይነበቡ ስሞች አንዳንዶቹ ይህን ለመከልከል የገቡ ናቸው፣ ሁሉንም አትጥዪ።

ደረቅ_ቆዳ፦

ዛሬ ማታ ልጀምር ነው! ግን ቤት ያለው አጃ ማርና የደረቀ ፍራፍሬ የተቀላቀለበት ነው፣ እሱን ብፈጨውስ?

ለብ_ያለ፦

ኧረ እሱን ብዪው 😂 ለገላሽ ምንም ያልተጨመረበት ተራ አጃ ነው የምትፈልጊው። ካልሲውም የታጠበ ይሁን።