ኢሴንሻል ኦይል ቤት ውስጥ፦ ስንት ጠብታ? ለማንስ አይሆንም?

የፒያሳዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ከመርካቶ የተገዙ ሦስት ትንንሽ የኢሴንሻል ኦይል (ከተክል የሚወጣ የመዓዛ ዘይት) ብልቃጦች አሉ፦ ባሕር ዛፍ፣ ቲ ትሪ (የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፣ ከሻይ ቅጠል አይደለም) እና ሎሚ፣ እያንዳንዳቸው 10 ሚሊ። ከስማቸው በቀር ምንም አልተጻፈባቸውም። ቤቱ ፒያሳ ነው፣ ሳሎንና አንድ መኝታ፤ የ3 ዓመት ልጅ፣ አስም ያለባቸው አማትና ድመት አሉ። በውሃ የሚሠራ ዲፊዩዘርም (እየነዘረ ሽታውን እንደ ጉም አየር ላይ የሚረጭ ዕቃ) አለ። ስንት ጠብታ ይበቃል? ለጉንፋን የልጁን ደረት መቀባትስ? አንዷ ዘመድ ደግሞ «ሻይ ላይ ጠብ አድርጊበት» ብላለች።

ባለመድኃኒት
ከሻዩ ልጀምር፦ አይሆንም፣ አንድ ጠብታም ቢሆን። የባሕር ዛፍ ዘይት ትንሽ ልጅ ከጠጣው ጥቂት ሚሊ ብቻ ማንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊያመጣ ይችላል። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ነው፣ ያ ብልቃጥ እንግዲህ ሁለት ማንኪያ ማለት ነው። ቲ ትሪም ሲዋጥ መርዝ ነው።

ልጁ ቢጠጣ እንዲያስመልሰው አታድርጊ። ዘይቱ ሲመለስ ወደ ሳንባ ከገባ ሆድ ውስጥ ከነበረው ይብሳል። «ወተት አጠጪው» የሚልሽም ይኖራል፣ አትስሚ። አፉን ጠርገሽ፣ ብልቃጡን ይዘሽ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። «ደህና ይመስላል» ብለሽ አትጠብቂ።

ደረቱንም ተዪው። በዚህ ዕድሜ ባሕር ዛፍም ፔፐርሚንትም (የናና ዓይነት) ፊት፣ አፍንጫና ደረት አካባቢ አይቀባም፣ ትንፋሽ ሊያውክ ይችላል። አፍንጫው ከተዘጋ ከፋርማሲ የጨው ውሃ ጠብታ ይበቃዋል።

ቀማሚ
በመጀመሪያ የስሙን ነገር፦ አንዳንዱ ገጽ ኢሴንሻል ኦይልን «አስፈላጊ ዘይት» እያለ ይተረጉመዋል። ለማንም አስፈላጊ አይደለም፤ የተክሉ መዓዛ ተጨምቆ ወይም በእንፋሎት ተነጥሮ የወጣ ነው። ከጥቁር አዝሙድ፣ ከጉሎና ከሰሊጥ ዘይት ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚሸጥ ብዙ ሰው እንደነሱ ሳይቀጥን የሚቀባ ይመስለዋል። እነሱ የሚቀባ ዘይት ናቸው። ይኼኛው ግን በነሱ ውስጥ ይቀጥናል።

ልኩ ይህ ነው። 30 ሚሊ (ሁለት የሾርባ ማንኪያ) የሰሊጥ ወይም የኮኮናት ዘይት ላይ፣ ለአዋቂ ሰውነት 0.6 ሚሊ፣ ማለትም 12 ጠብታ ገደማ፤ ለፊት 0.3 ሚሊ፣ 6 ጠብታ። «ገደማ» ያልኩት የብልቃጡ አፍ ሲሰፋ ጠብታውም ስለሚተልቅ ነው። ከፋርማሲ የ1 ሚሊ ሲሪንጅ ገዝተሽ መርፌውን ነቅለሽ ብትለኪ ይሻላል። ከተቀየጠ በኋላ ክንድ ውስጠኛው ላይ ትንሽ ቀብተሽ 24 ሰዓት ጠብቂ። ከቀላ ወይም ካሳከከ በመጀመሪያ በምግብ ዘይት ጥረጊው፣ ከዚያ በሳሙና እጠቢ። ውሃ ብቻውን አያወጣውም፣ ያሰፋዋል እንጂ። ገንዳ ውሃ ላይ በቀጥታ ማንጠባጠብም የማይሆነው ለዚሁ ነው፤ ላይ ተንሳፎ ሳይቀጥን ቆዳ ላይ ይለጠፋል።

ዓይን ውስጥ ከገባ ግን የምን ዘይት! በንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ ማፍሰስ፣ ከዚያ ሐኪም።

ሎሚው ከልጣጩ የተጨመቀ ከሆነ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። የኛ ከተማ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ አትራራም። ወይ ማታ ተቀቢው፣ ወይ የተቀባውን ቦታ ለ12 ሰዓት ያህል ሸፍኚው። ጤና አዳምም ቅጠሉ ሳይቀር ይኸው ጠባይ አለው፤ ቆዳ ላይ አሽቶ ፀሐይ መሞቅ ያቆስላል።

ጠጅሳር
ዲፊዩዘሩ፦ ለ100 ሚሊ ውሃ 3 ጠብታ። በዚያ ቤት ስፋት ከዚያ በላይ ራስ ምታት ነው። 30 ደቂቃ ይሥራና ይጥፋ፣ መስኮቱ ገርበብ ይበል። አፍንጫሽ ሽታውን ቶሎ ስለሚለምደው «ጠፋ» ብለሽ አትጨምሪ፣ አየሩ ውስጥ አለ። አማትሽ ቤት ካሉ ግን ጭራሽ አታብሪው፤ አስም ያለበትን ሰው የሚያስነሳበት ሽታ የቱ እንደሆነ አስቀድሞ አይታወቅም።

ድመቷም አለች። የድመት ጉበት እነዚህን ነገሮች እንደ ሰው ሰብሮ አያስወግድም፣ በተለይ ቲ ትሪን። ጸጉሯ ላይ ያረፈውን ደግሞ ትልሰዋለች። ለቁንጫ ብለሽ በፍጹም እንዳትቀቢያት።

የሰፈር ልጅ
ታዲያ እኛ በባሕር ዛፍ ቅጠል ታጥነን አይደል ያደግነው? ዛፉን ምኒልክ ካስገቡት ጀምሮ ማን ሞተ?

ቀማሚ
ቅጠሉና ዘይቱ አንድ አይደሉም፣ ወንድሜ። ከቅጠሉ ክብደት ዘይቱ ከመቶ ከ1 እስከ 3 ገደማ ነው። ያቺ 10 ሚሊ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ግማሽ ኪሎና ከዚያ በላይ ቅጠል ታህላለች፣ ያውም በአንድ ጉንጭ። አዋቂ ሰው መታጠን ከፈለገ የፈላ ውሃ ላይ 1 ጠብታ፣ ዓይን ተጨፍኖ፣ 5 ደቂቃ። ልጅ ግን ከፈላ ውሃ ሥር አይቀመጥም። ድስቱ ሲገለበጥ የሚያቃጥለው ውሃው ነው።

እጣን የለመደ እጅ ደግሞ ጠብታውን ከሰል ላይ ያደርጋል። የባሕር ዛፍና የሎሚ ዘይት ትነት 50 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እሳት ይይዛል፣ ከሰሉ ላይ ቦግ ይላል። ቡና ሲፈላ ብልቃጡ ከምድጃው ይራቅ።

የፒያሳዋ
በጣም አመሰግናለሁ። ትክክለኛ መሆኑን በምን ልወቅ?

ቀማሚ
ነጭ ወረቀት ላይ ከእያንዳንዱ አንድ ጠብታ አድርገሽ እስከ ነገ ተዪው። ባሕር ዛፍና ቲ ትሪ ተነው መጥፋት አለባቸው። ሎሚው ፈዛዛ ቢጫ ቢተው ችግር የለም።

የፒያሳዋ
ሁለቱ ጠፍተዋል። ባሕር ዛፉ ግን ወረቀቱን ብርሃን እንደሚያሳልፍ አድርጎ ክብ ቅባት ትቷል።

ቀማሚ
የምግብ ወይም ሌላ ቅባት ዘይት ተቀላቅሎበታል። ምን ያህል እንደሆነ ስለማይታወቅ ከላይ ያለው ልክ ለእሱ አይሠራም። ዲፊዩዘር ውስጥም አታግቢው፣ የሚነዝረውን ሳህን ይደፍነዋል። ቀሪዎቹን ከጠቆረ የመስታወት ብልቃጥ አታውጪ፣ ፕላስቲክና ጎማ ያሟሟሉ። የተከፈተበትን ቀን ጻፊበት፤ ሎሚና ቲ ትሪ ከተከፈቱ ዓመት ካለፋቸው አየር ገብቶባቸው ቆዳ ያሳክካሉ። ለወለል መወልወያ ግን ይሆናሉ፣ ድመቷ ካልረገጠችው።

ባለመድኃኒት
እና ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ። የ3 ዓመት ልጅ ወንበር ስቦ ይወጣል።